መኪናዎ ሲያጉረመርም፦ የጎማ፣ የፍሬንና የ«እግር» ድምፆች ምን ይነግሩናል?

ማለዳ ከግቢ ሲወጣ መኪናው ከፊት በስተግራ በኩል «ሲጢጥ» ይላል። አሽከርካሪው በመጀመሪያው ቀን «ምን ይሆን?» ይላል፤ በሁለተኛው ቀን ጆሮውን ይጥላል፤ በሦስተኛው ቀን ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ከሳምንት በኋላ ድምፁን ለምዶታል። የተበላው ዕቃ ግን መበላቱን አላቆመም።

ሌላው ዓይነት አሽከርካሪ ደግሞ ድምፁን በሰማበት ዕለት ወደ ጋራዥ ይገሰግሳል። መካኒኩ «ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀው «ድምፅ አለው» ከማለት ያለፈ የሚነግረው የለም። መካኒኩም ከዚህ ቀደም ካየው ተነስቶ ይገምታል። መጀመሪያ ኩሽኔታ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ሾክ አብዞርበር፣ ቀጥሎ ጎሚኒ። ገንዘቡ ወጥቶ፣ ቀኑም ባክኖ ድምፁ እንዳለ ይቀራል። በመጨረሻ ጥፋተኛው በጎማው ጥርስ መሐል የተሰነቀረ ጠጠር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

ሁለቱም አሽከርካሪዎች የሳቱት ተመሳሳይ ነገር ነው። ከጎማ፣ ከፍሬንና በተለምዶ የመኪናው «እግር» ከሚባለው ክፍል (ከሞላ፣ ከሾክ አብዞርበርና እነሱን ከሚያያይዙ ዕቃዎች) የሚመጣ ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ ከማወቅ ይልቅ መቼ እንደሚሰማና መቼ እንደሚጠፋ ማወቁ ይበልጣል። አንዱ «ሲጢጥታ» የሚለውን ሌላው «ፉጨት» ሊለው ይችላል። «ፍሬን ስረግጥ ይጠፋል» የሚለው አነጋገር ግን ለማንም መካኒክ አንድ ዓይነት ትርጉም አለው። ይህ ጽሑፍም አሽከርካሪው ራሱ መካኒክ እንዲሆን ሳይሆን፣ ጋራዥ ሲደርስ የሚናገረው እንዲኖረውና የትኛው ድምፅ ጊዜ እንደማይሰጥ እንዲያውቅ የተዘጋጀ ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

አንደኛው ጥያቄ ድምፁ የሚከተለው ሞተሩን ነው ወይስ ጎማውን የሚል ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ማርሹን ዜሮ (ፎሌ) አድርገው ቤንዚን ይስጡት። መኪናው ቆሞም የሚሰማ ድምፅ ከሆነ ጉዳዩ የሞተር፣ የቺንጋ ወይም የማርሚታ ሊሆን ስለሚችል ከዚህ ጽሑፍ ርዕስ ውጪ ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚሰማ ከሆነና በአንድ ዓይነት ፍጥነት በሦስተኛም በአራተኛም ማርሽ ሲነዱ የማይለወጥ ከሆነ ግን ፊትዎን ወደ ጎማዎቹ ያዙሩ።

ሁለተኛው ድምፁ ከፍጥነት ጋር እንዴት ይለወጣል የሚል ነው። 175/65 የሚል መጠን የተጻፈበት ባለ 14 ኢንች ጎማ አንድ ዙር ሲዞር መኪናዋ 1.8 ሜትር ያህል ትጓዛለች። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ጎማው በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል፣ በ60 ኪሎ ሜትር ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። በመሆኑም በዝግታ ሲሄዱ ሊቆጠር የሚችል፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚፈጥን «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ከጎማው ጋር አብሮ ከሚዞር አንድ ነገር የሚመጣ ነው። ሳይቆራረጥ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኩሽኔታ ወይም ወጣ ገባ ሆኖ የተበላ ጎማ ነው።

ሦስተኛው ፍሬን ሲያዝ ምን ይሆናል የሚል ነው። ድምፁ ይጀምራል? ይጠፋል? ወይስ ምንም ለውጥ የለውም?

አራተኛው ደግሞ መሪ ሲዞር ወይም ጉብታ ሲታለፍ ምን ይሰማል የሚለው ነው።

ለዚህ ፍተሻ የተጨናነቀ መንገድ አይመረጥም። እሑድ ማለዳ ፀጥ ያለ የሰፈር መንገድ ይበቃል። መስኮቱን ከፍተው ከረዥም አጥር ጎን በዝግታ ይንዱ፤ ግንቡ ድምፁን መልሶ ወደ ጆሮዎ ያመጣዋል። ሌላ ሰው ከኋላ ወንበር ቢቀመጥ ደግሞ ድምፁ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ከቀኝ ይሁን ከግራ ለመለየት ይረዳል። ከሁሉም በፊት ግን የዕቃ መጫኛውን ባዶ ያድርጉት። ስኮርታ ጎማው ሥር የላላ ክሪክ ወይም ቁልፍ ስንቱን አሽከርካሪ ያለ ሥራው ጋራዥ አመላልሷል።

ጎማው ራሱ

ምርመራ የሚጀመረው ገንዘብ ከማያስወጣው ነው። ጎማዎቹን በዓይንም በእጅም ይመልከቱ። በጥርሶቹ መሐል የገባ ጠጠር ወይም ሚስማር ያንን የሚቆጠር «ቀጭ ቀጭ» ያመጣል። ሚስማር ካገኙ ራስዎ አይንቀሉት፤ አየሩ ወዲያው ሊወጣ ስለሚችል እንዳለ ወደ ጎሚስታ ይውሰዱት። የቸርኬው የፕላስቲክ ሽፋን ሲላላም ተመሳሳይ ድምፅ ይሰጣል።

ጎማ ወጣ ገባ ሆኖ ሲበላ ደግሞ ድምፁ ጉርምርምታ ይሆናል። እጅዎን በጥርሶቹ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ሲያንሸራትቱ በአንድ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው ሻካራ ከሆነብዎ አላይመንቱ መታየት አለበት። እዚህም እዚያም የጎደጎደ ጎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው ሾክ አብዞርበሩ ደክሞ ጎማው አስፋልቱ ላይ እየነጠረ መሄዱን ነው። በዚህ ጊዜ ጎማ ብቻ መቀየር ምክንያቱን ሳይነኩ ውጤቱን መግዛት ይሆናል፤ አዲሱም ጎማ በጥቂት ወራት እንደ አሮጌው ይሆናል።

ጎማን ከኩሽኔታ ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የጎማ ድምፅ ከመንገዱ ጋር ይለዋወጣል፤ ከሻካራ አስፋልት ወደ ልስልስ ሲገቡ ይቀንሳል። የኩሽኔታ ድምፅ ግን መንገድ አይመርጥም። ካልተለየ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎችን ቦታ ማለዋወጥ ይቻላል። ድምፁ አብሮ ከፊት ወደ ኋላ ከሄደ ጥፋተኛው ጎማው ነው። ይህን ሥራ ማንኛውም ጎሚስታ ይሠራዋል፤ የሚያስከፍለውም ኩሽኔታ ከማስቀየር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሁለት የጎማ ድምፆች ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም። አንደኛው በዝግታ ሲሄዱ መሪውን ወይም ወንበሩን ከሚያወዛውዝ እንቅስቃሴ ጋር የሚመጣ «ዱብ፣ ዱብ» ነው። ይህ የጎማው የውስጥ ድር ተላቆ በጎኑ ወይም በጥርሱ በኩል ማበጡን ሊያመለክት ይችላል። እንዲህ ያለ ጎማ በከፍተኛ ፍጥነት ሊፈነዳ ስለሚችል ስኮርታ ይቀየር። ሁለተኛው ጎማ ከተቀየረ ወይም ከተጠገነ በኋላ የሚጀምር «ቋ ቋ» ነው። መኪናውን ዳር አውጥተው ወዲያው ዳዶዎቹን ይመልከቱ። የላላ ዳዶ የቸርኬውን ቀዳዳ አስፍቶ፣ ብሎኑን ቆርጦ ጎማውን መንገድ ላይ ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ዳዶ የሚጠብቀው በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ አነስተኛ የቶዮታ የቤት መኪኖች የተወሰነው ጥብቀት 103 ኒውተን ሜትር ነው። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ዳዶዎቹን እንደገና መፈተሽ ጥሩ ልማድ ነው።

ኩሽኔታ፦ የሚያጉረመርመው

የጎማ ኩሽኔታ ሲጎዳ ድምፁ በ40 ወይም በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ እንደ ሩቅ አውሮፕላን ጀምሮ ፍጥነት ሲጨምር እያደገ ይሄዳል። ፍሬን መያዝ ብዙም አይለውጠውም። ለውጥ የሚታየው መኪናው ወደ ጎን ሲያዘነብል ነው። በግራ መታጠፊያ ላይ የመኪናው ክብደት በቀኝ ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ በቀኝ መታጠፊያ ላይ ደግሞ በግራዎቹ ላይ። በመሆኑም ረጅምና ሰፊ የግራ ኩርባ ላይ ድምፁ ከጨመረና በቀኝ ኩርባ ከቀነሰ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀኙ ኩሽኔታ ነው። ይህ ሁልጊዜ አይሠራም፤ መነሻ ግን ይሆናል።

ማረጋገጫው የሚገኘው ጎማው ከመሬት ሲነሳ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በታኮ ተይዘው፣ አንዱ ጎን በክሪክ ይነሳ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ግን በፍጹም አይገባም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎ። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ችግሩ የኩሽኔታ ነው። ሳይጠፋ ከቀረ ቦል ጆይንቱ ወይም ሌላ የ«እግር» ዕቃ ነው። የፊት ጎማ በቀኝና በግራ ጎኑ ተይዞ ሲነቀነቅ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ከመሪው ወደ ጎማው የሚደርሰው ዘንግ ጫፍ (ታይሮድ) ይታይ። ጎማውን በእጅ ሲያዞሩት የአሸዋ መፈጨት የመሰለ ስሜት ከሰጠ፣ ምንም ባይነቃነቅም ኩሽኔታው አልቋል።

ማጉረምረም ብቻ የሚያሰማ ኩሽኔታ በዚያው ቀን ባይቀየር መኪናውን አይጥለውም። በሳምንቱ ውስጥ ግን መታየት አለበት፤ ረጅም ጉዞም አይወጣበትም። ጎማው መነቃነቅ ከጀመረ ወይም ድምፁ ወደ መፋጨት ከተለወጠ ግን መኪናው መቆም አለበት።

አደባባይ ላይ የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ»

በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች የሞተሩን ኃይል ለጎማ የሚያደርሱት ሲቪ ጆይንት በሚባል፣ እየታጠፈ በሚዞር መገጣጠሚያ ነው። መገጣጠሚያው በግራሶ ተሞልቶ በተጨማደደ የላስቲክ ሽፋን ይሸፈናል። ላስቲኩ ሲቀደድ ግራሶው ይረጫል፤ በምትኩ አቧራና ጭቃ ይገባል። ውጤቱ መሪ ሙሉ በሙሉ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማ ፈጣን «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ነው። ጠባብ አደባባይ ሲዞሩ ወይም መኪናውን መልሰው ሲያዞሩ በግልጽ ይሰማል። በቀጥታ መንገድ ላይ ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ቀድሞ ማየት ብዙ ያድናል። ጎማ በተፈታ ቁጥር ላስቲኩን ይመልከቱ። ቀዳዳው ገና እንደተፈጠረ ከተደረሰበት የሚቀየረው ላስቲኩና ግራሶው ብቻ ነው። «ቀጭ ቀጭ» ከተጀመረ በኋላ ግን ላስቲክ መቀየር የተበላውን ብረት አይመልስም።

ፍሬን፦ የማይናቀው

የፍሬን ድምፅ ሁሉ አደጋ አይደለም። በክረምት ዝናብ ሲያድር ወይም መኪና ከታጠበ በኋላ ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ይበቅላል፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት የፍሬን አያያዞች ድምፅ ሰጥቶ ይጠፋል። በሚያንሸራትት መንገድ ላይ በኃይል ሲረገጥ ፔዳሉ እየተንቀጠቀጠ «ግርርር» ካለ ደግሞ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ሥራውን እየሠራ ነው። እግርዎን አያንሱ።

ከዚህ የሚለየው ቀንም ማታም፣ ደረቅም ሆነ እርጥብ ሳይል የሚቀጥል ቀጭን ሲጢጥታ ነው። በብዙ መኪኖች ከፍሬን ሸራው ጋር ትንሽ የብረት ምላስ ተያይዛለች። አዲስ የዲስክ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ሲኖረው፣ ተበልቶ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር ይህች ምላስ ዲስኩን መንካት ትጀምራለች። የተሠራችው እንድትጮህ ነው። ስለዚህ ድምፁ ብልሽት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሸራ ለመቀየር ጊዜ ሰጥቶዎታል። በጽሑፋችን መግቢያ ያነሳነው አሽከርካሪ በሬዲዮ የሸፈነው ይህን ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያው ታልፎ ሸራው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ድምፁ ይወፍራል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ብረት ብረትን ሲፍቅ ይሰማል። በዚህ ደረጃ የሸራው የብረት መደብ ዲስኩን እየቆረጠው ነው። የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል፤ በሸራ ዋጋ ያልቅ የነበረው ሥራም ወደ ዲስክ፣ አንዳንዴም ወደ ካሊፐር (ሸራውን ከሚጫነው ክፍል) ይሸጋገራል። የተቧጨረ ዲስክ ቶርኖ ቤት ተልኮ ሊስተካከል የሚችለው ውፍረቱ ከዝቅተኛው ልክ በታች ካልወረደ ብቻ ነው። ይህ ልክ በብዙ ዲስኮች ላይ በቁጥር ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ከቶርኖ በፊትና በኋላ በመለኪያ እንዲረጋገጥ ይጠይቁ።

ፍሬን ሳይያዝም አንዱ ጎማ ሲፍቅ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብና የተቃጠለ ነገር ሲሸት የሚጠረጠረው የተጣበቀ ካሊፐር ወይም ሳይለቅ የቀረ የእጅ ፍሬን ነው። መኪናው ሲቆም ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥለውን ቸርኬ እጅዎን በማስጠጋት ብቻ ያውቁታል፤ አይንኩት። በሌላ በኩል ጠጠር መንገድ ከነዱ በኋላ በድንገት የሚጀምር ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ብዙ ጊዜ በዲስኩና ከጀርባው ባለው ስስ ቆርቆሮ መሐል የገባ ትንሽ ድንጋይ ነው። ጥቂት ወደኋላ ሲነዳ ራሱ የሚወድቅበት ጊዜ አለ።

ከኋላ ታምቡር ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ የሸራ ብናኝ ሲጠራቀም ወይም ማያዣ ሞላ ሲላቀቅ ድምፅ ይሰማል። ታምቡሩ ተከፍቶ ሲጸዳ ብናኙን በአየር ግፊት መንፋት በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ለሳንባ አደገኛ ነው፤ አንዳንድ አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በማጽጃ ፈሳሽ መወገድ አለበት።

ፍሬን ድምፅ ሳያሰማም ሊከዳ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ሲሆን ዝቅተኛ የመፍያ ልኩ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነው ዶት 3 ዘይት፣ እርጥበት ሲገባው ልኩ እስከ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲታጠፍ፣ ፍሬን ይዘው የሚወርዱ ከሆነ ሙቀቱ ዘይቱን ሊያፈላው ይችላል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ያለ ምንም ድምፅ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። መድኃኒቱ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድና ዘይቱን አምራቹ ባዘዘው ጊዜ መቀየር ነው።

«እግር»፦ ጉብታና ኮብልስቶን ላይ የሚያንኳኳው

ለዚህ ክፍል ምርመራ ከተማችን ሁለት ነፃ መሣሪያዎች አሏት፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታና ኮብልስቶን። ጉብታው ሁለቱን የፊት ጎማዎች እኩል ያነሳል። ኮብልስቶን ግን አንዱን ጎማ ሲያነሳ ሌላውን ያወርዳል። ሁለቱን ጎማዎች አገናኝቶ መኪናው ወደ ጎን እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ (ስታብላይዘር) በዋናነት ሥራ የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። በመሆኑም መኪናዎ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲሄድ «ቋ ቋ ቋ» እያለ፣ ጉብታውን በቀጥታ ሲያልፍ ግን ዝም የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታዩት የዚህ ዘንግ ማገናኛዎችና ጎሚኒዎች ናቸው። ከሌሎቹ የ«እግር» ዕቃዎች ርካሽና በቀላሉ የሚቀየሩ ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ግን ከሾክ አብዞርበር በኋላ ነው የሚታሰቡት።

ጉብታው ላይ «ዱም» የሚል ወፍራም ድምፅ ከመጣና መኪናው ካለፈ በኋላም መወዛወዙን ካላቆመ ግን ሾክ አብዞርበሩ ይጠረጠራል። በቆመ መኪና ላይ ማዕዘኑን በኃይል ወደታች ገፍተው ይልቀቁት፤ ተነስቶ ካንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ ደክሟል። በሰውነቱ ላይ ዘይት የወረደ ሾክ አብዞርበርም መቀየር አለበት። ሁለቱም ጎን አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪናው ፍሬን ሲይዝም ሲታጠፍም ሚዛኑን ይስታል።

መኪናው ቆሞ መሪ ሲጠመዘዝ «ክርርክ» ወይም «ዷ» የሚል ድምፅ ከፊት ከተሰማ ደግሞ ግራሶው ያለቀበት ቦል ጆይንት፣ የሞላው የላይኛ መቀመጫ ወይም የተሰበረ ሞላ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው መሪውን ሲያዞር ሌላው እጁን በሞላው ላይ ሳይሆን በመኪናው አካል ላይ አሳርፎ ንዝረቱን ማዳመጥ ይችላል። የሞላ ጥቅሎች መሐል ጣት ማስገባት ግን የጣት ዋጋ ያስከፍላል።

ከነዚህ ሁሉ የሚፈራው ቦል ጆይንት ነው። ሲላላ ያንኳኳል፤ ከተለያየ ግን ጎማው ወደ ጎን ይተኛና መሪ ሥራውን ያቆማል። በባሌስትራ የሚሄዱ የጭነት ፒክአፖች ላይ የሚሰማው ሲጢጥታ በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ከአቧራና ከደረቀ ጎሚኒ የሚመጣ ነው። ያም ሆኖ የተሰነጠቀ ቅጠል አለመኖሩ በዓይን መታየት አለበት።

ሞተር የሌለው ድምፅ

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ነዋሪዎች በርክተዋል። እነዚህ መኪኖች ላይ ድምፅ ሸፋኝ ሞተር ስለሌለ ቀደም ሲል የማይሰማ የጎማና የኩሽኔታ ድምፅ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ብዙዎችም አዲስ መኪናቸው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ መኪናውን የሚያዘገየው ሞተሩ ራሱ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ነው። የፍሬን ሸራው ሥራ ስለሚቀንስ ዲስኩ ይዝጋል፤ ሲጢጥታም ያመጣል። አልፎ አልፎ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ መርገጥ ዝገቱን ይጠርገዋል። ሁለተኛ፣ ባትሪው በመቶዎች ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ጎማና የ«እግር» ጎሚኒዎች በፍጥነት ሊያልቁ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ በዝግታ ሲሄድ፣ በተለይም በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች፣ የሚሰማው «እምምም» በብዙዎቹ ላይ እግረኞች እንዲሰሙት ሆን ተብሎ ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ነው። ለዚህ ሲባል ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። እነዚህን መኪኖች በክሪክ ማንሳት የሚገባውም አምራቹ ምልክት ባደረገበት ቦታ ብቻ እንጂ በባትሪው ሥር አይደለም።

ከመካኒኩ ፊት

ጋራዥ ሲደርሱ የሚቀየረውን ዕቃ ስም አይጥሩ። «ኩሽኔታ ቀይርልኝ» ካሉት ኩሽኔታ ይቀይራል፤ ድምፁ ባይጠፋም ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ይልቁንም የሰሙትን ይንገሩት፦ «ከ50 በላይ ስነዳ ከፊት በቀኝ በኩል ያጉረመርማል፤ ወደ ግራ ስታጠፍ ይጨምራል፤ ፍሬን ስይዝ አይለወጥም።» ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የግማሽ ቀን ፍለጋ ይቆጥባል።

ከዚያም አብራችሁ ነድታችሁ ድምፁን መካኒኩ ራሱ ይስማው። የጠረጠረውን ዕቃ ከመፍታቱ በፊት እንዴት እንዳረጋገጠው ይጠይቁ፤ ንቅናቄውን ወይም የተቀደደውን ላስቲክ ያሳይዎ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይረከቡ። መለዋወጫ ከሶማሌ ተራም ይገዛ ከሌላ፣ የመኪናውን ሞዴል፣ ዘመንና ከተቻለ የሻንሲ ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ ግን ያገለገለ አይገዛም። ለቦሎ የሚደረገው የዓመቱ ምርመራ መታለፉ ለቀሪዎቹ ወራት ዋስትና እንደማይሆንም ያስታውሱ።

የትኛው ዛሬ? የትኛው በሳምንቱ?

ወዲያው የሚያስቆሙ፦ ፍሬን ሲያዝ ብረት ሲፋጭ፣ ፔዳሉ ሲሰምጥ፣ ጎማ ከተቀየረ በኋላ «ቋ ቋ» ሲል፣ ያበጠ ጎማ፣ የሚነቃነቅ ጎማ፣ ከአንድ ቸርኬ የሚወጣ ሽታና ጭስ።

በሳምንቱ ውስጥ የሚታዩ፦ የማያቋርጥ የፍሬን ሲጢጥታ፣ ከፍጥነት ጋር የሚያድግ ጉርምርምታ፣ መሪ ሲጠመዘዝ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ»፣ ከፊት ጎማ የሚመጣ ማንኳኳት።

እስከ ቀጣዩ ሰርቪስ የሚቆዩ፦ ማለዳ ብቅ ብሎ የሚጠፋ የዝገት ድምፅ፣ የባሌስትራ ሲጢጥታ፣ ደክሞ ግን ዘይት ያላፈሰሰ ሾክ አብዞርበር።

በየትኛው እንደሚመደብ ካልለዩ ከበድ ወደሚለው ይመድቡት። በሳምንት አንድ ቀን ሬዲዮውን ዘግተው፣ መስኮቱን ከፍተው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱ። የመኪናዎን የጤና ድምፅ የለየ ጆሮ፣ የሕመሙን ለመስማት ጊዜ አይፈጅበትም። መልካም ጉዞ!